የአዲስ አበባ ዙሪያ ሐይቆችን በእግር ለመጎብኘትና ወፍ ለማየት፦ ከመነሻ እስከ መመለሻ

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሐይቅ ዳር የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በቦታ ምርጫ ሳይሆን በሰዓት ነው። ቁርሱን በልቶ፣ መኪናውን ሞልቶ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ቢሾፍቱ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት ነፋሱ ውሃውን መምታት ጀምሯል፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ዳክዬዎቹ ወደ ሐይቁ መሐል ገብተው ጥቁር ነጥብ መስለዋል፣ ዳር ዳሩን ሲለቅሙ የነበሩት ወፎች ደንገሉ ውስጥ ገብተው ተሸሽገዋል። እዚያው ቦታ ላይ ጎሕ ሲቀድ ቢገኝ ኖሮ ግን ውሃው እንደ መስታወት ረግቶ፣ ወፎቹ ከዳር ሃያ ሠላሳ እርምጃ ላይ ሆነው ያገኛቸው ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያያዘው ከአንድ ነገር ጋር ነው፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ውሃው ዳር መሆን።

የትኛው ሐይቅ፣ በየትኛው ወር

በአንድ ቀን አንድ ሐይቅ ይምረጡ፤ ቢበዛ ሁለት። ሁሉንም አያለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ቀኑን ባጃጅ ላይ ይጨርሰዋል።

ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩን አልፎ፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ገፈርሳ አለ። ሰው ሠራሽ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ከፍታው 2,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚያ የሚታዩት የደጋ ወፎች ናቸው። የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ያለችውን ሰማያዊ ክንፍ ዝይ በቅርብ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ በከተማው አቅራቢያ ማግኘት ይከብዳል። በስተ ምሥራቅ በደብረ ብርሃን መንገድ ያለው ለገዳዲም እንዲሁ የመጠጥ ውሃ ግድብ ነው። ሁለቱም ጥበቃ አላቸው። መዋኘት፣ መታጠብ፣ ዳሩ ላይ ምግብ ማብሰል አይቻልም። ወደ ውስጥ ለመግባት ከፈለጉ በር ላይ ያሉትን ጥበቃዎች አስቀድመው ያነጋግሩ፤ ካልተፈቀደልዎ ከውጭ ካለው ሜዳ ሆነው ይመልከቱ። ገፈርሳ ላይ ከሚፈለጉት ወፎች አብዛኞቹ የሚውሉት ከውሃው ይልቅ በዙሪያው ባለው ሣር ላይ ስለሆነ ብዙ አይጎድልብዎትም።

በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሾፍቱ ነው። ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ይሞቃል። ሐይቆቹ አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት እስከ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ እስከ 65 ሜትር፣ ሆራ እስከ 38 ሜትር ይወርዳል። ኩሪፍቱ ግን ከነዚህ ይለያል፤ ከወንዝ በተጠለፈ ውሃ የተሞላ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ለእግር ጉዞ የሚመረጠው ሆራ ነው፤ ዙሪያው ዛፍ አለው፣ ከአፋፉ ቁልቁል የሚታየው ውሃም ያምራል። ባቦጋያ ዳር ሎጅና የግል ቤት ስለበዛ ዙሪያውን መሄድ አይቻልም፤ አንዱ ጋ ገብቶ ቡና እየጠጡ ማየት ይሻላል።

ጨለለቃ ደግሞ ጉድጓድ አይደለም። በዝናብ የሚሞላ፣ በበጋ የሚሸሽ ገላጣ ረግረግ ነው። ወፍ ለማየት ብቻ ለሚሄድ ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ከቢሾፍቱ ሐይቆች ሁሉ መቅደም ያለበት እሱ ነው፤ ከሰሜን የሚመጡት ግራጫዎቹ ረጃጅም ወፎች (ክሬን የሚባሉት) በዚያን ጊዜ እዚያ ያድራሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ውሃውን ከሚያለመልመው ስፒሩሊና ከተባለ ረቂቅ አልጌ ነው። ትንሿ ፍላሚንጎ ይህንኑ አልጌ ነው የምትመገበው። አልጌው ሲሳሳ ወፎቹም ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ፍላሚንጎ አያለሁ ብለው ለልጆች ቃል አይግቡ።

አቃቂ አካባቢ ያለው አባ ሳሙኤል ግድብ በወፍ ብዛት ከሁሉም አያንስም፤ ነገር ግን ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማውን ፍሳሽ ሁሉ ይዘው የሚገቡበት ነው። ከዳር ሆኖ ማየት እንጂ ውሃውን በእጅ መንካትም አያስፈልግም።

በወር ሲታይ፦ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ዳክዬዎችና የውሃ ዳር ወፎች ከመስከረም እስከ መጋቢት ይቆያሉ። ክረምት ላይ ጨፌው ውስጥ አይግቡ። በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት የቀሩ ወፎች በእኛ የደጋ ረግረጎች ሣር ውስጥ ጎጆ የሚሠሩት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ አንድ ጫማ ሳያይ የሚረግጠው እንቁላል ሊሆን ይችላል። ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። ለበዓሉ መሄድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለወፍና ለጸጥታ ግን ያንን ሳምንት ይዝለሉ።

የሚያዝ ነገር

• ውሃ፦ በሰው 2 ሊትር። የሐይቁን ውሃ አፍልቶ መጠጣት መፍትሔ አይደለም፤ ማፍላት ጨውና ሶዳን አያወጣም።
• ምግብ፦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ። ሽታ ያለውና ላስቲኩ የሚንኮሻኮሽ ምግብ ዝንጀሮና ጦጣ ይጠራል።
• ልብስ፦ አረንጓዴ፣ ቡኒ ወይም ግራጫ። ነጭ ነጠላና ነጭ ጋቢ ከሩቅ ያበራል፤ ወፏ ገና 100 ሜትር ላይ ሳሉ ትነሣለች። ለገፈርሳ በኅዳርና በታኅሣሥ ጓንትና ወፍራም ሹራብ ይያዙ፤ ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ይዞ ሊያገኙት ይችላሉ። 3 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ያንኑ ሹራብ ማውለቅ ስለሚያሻ ደራርበው ይልበሱ።
• ጫማ፦ ለሆራ አፋፍ ሶሉ የሚቆነጥጥ ጫማ፣ ለጨለለቃና ለአባ ሳሙኤል የላስቲክ ቦት።
• አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ጠንካራ ዱላ። ለውሻም፣ ለቁልቁለትም፣ ከሁሉም በላይ ጭቃ ለመፈተሽ።
• ባርኔጣ፣ የቁስል ፋሻ፣ ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።
• ባይኖኩላር። 8×42 የሚል የተጻፈበት ይበቃል፤ 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ማለት የፊተኛው መስታወት ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። 20 ወይም 30 እጥፍ ያቀርባል እየተባለ የሚሸጠው ርካሽ ዕቃ በእጅ ሲይዙት ይንቀጠቀጣል፣ ጧት ላይም ያጨልማል።

ባይኖኩላሩን ቤት ውስጥ ማስተካከል

ብዙ ሰው «ዓይኔን ያመኛል» ብሎ የሚያስቀምጠው ስላላስተካከለው ነው። አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ መንገድ ላይ ሳይሆን ከመነሣትዎ በፊት ማታውኑ ይሥሩት።

1. ሁለቱን በርሜሎች ጠጋ ራቅ እያደረጉ በሁለት ዓይን ሲያዩ አንድ ክብ ብቻ እስኪታይ ድረስ ያስተካክሉ። ሁለት ክብ ከታየ ገና ነው። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ የዓይን ማረፊያውን ጎማ ወደ ታች ያጥፉት፤ ካላደረጉ ወደ ላይ ያውጡት።
2. ሠላሳ ሜትር ያህል ራቅ ያለ ጽሑፍ ይምረጡ፤ የመኪና ታርጋ ይመቻል።
3. የቀኙን ፊተኛ መስታወት በእጅዎ ይሸፍኑ። ሁለቱንም ዓይን ከፍተው መሐል ያለውን መዘውር እያዞሩ በግራ ዓይን ታርጋውን ጥርት ያድርጉት።
4. አሁን የግራውን ይሸፍኑ። መሐሉን መዘውር ሳይነኩ፣ የቀኙ ማያ ላይ ያለችውን ቀለበት ብቻ እያዞሩ ጥርት ያድርጉ።
5. ቀለበቷ የቆመችበትን ምልክት ያስታውሱ፤ ሌላ ሰው ተውሶ ሲመልስልዎ ወደዚያው ይመልሷታል። ከዚህ በኋላ የሚነካው የመሐሉ መዘውር ብቻ ነው።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ደግሞ ወፍ በባይኖኩላር አይፈልጉ። መጀመሪያ በባዶ ዓይን ያግኟት፤ ከዚያ ዓይንዎን ከእሷ ሳይነቅሉ ዕቃውን ወደ ዓይንዎ ያምጡት። ዕቃውን ዓይን ላይ ለጥፎ ሐይቁን የሚያስስ ሰው ውሃ ብቻ አይቶ ይመለሳል።

መንገዱ

ለቢሾፍቱ ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስና አውቶቡስ ይገኛል። የራስዎ መኪና ካለዎት ከአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ገብተው በቢሾፍቱ መውጫ ይውጡ፤ ክፍያ አለው፣ በአሮጌው መንገድ የጭነት መኪና ወረፋ ላይ የሚጠፋውን ጊዜ ግን ያተርፋል። ከከተማው ወደ ሐይቆቹ ባጃጅ ይወስድዎታል። ዋጋውን ከመሳፈርዎ በፊት ይነጋገሩ፤ ለጨለለቃ ከሆነ የመመለሻውንም ሰዓት አብረው ይስማሙ፣ ምክንያቱም ዳሩ ላይ ባጃጅ አይጠብቅዎትም። ለገፈርሳ ከአስኮ ተነሥተው በቡራዩ በኩል ወደ ሆለታ የሚሄዱ ሚኒባሶች አሉ፤ ለረዳቱ «ገፈርሳ ወራጅ» ብሎ ቀድሞ መንገር ነው።

በመጀመሪያው ታክሲ እንኳ ቢነሡ ንጋት ላይ ቢሾፍቱ መድረስ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ለቢሾፍቱ ከቻሉ ቅዳሜ ማታ እዚያው ያድሩ። ማደር ካልቻሉ ሁለተኛው ጥሩ ሰዓት ከ10 ሰዓት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ነው፤ ነፋሱ ይበርዳል፣ ጨለለቃ ላይም ክሬኖቹ ከየማሳው እየተጠራሩ ወደ ማደሪያቸው ይመለሳሉ። ድምፃቸው ከመታየታቸው ቀድሞ ይሰማል።

ዳሩ ላይ፦ እንዴት ይቆማል፣ እንዴት ይሄዳል

ፀሐይን ከጀርባዎ ያድርጉ። ጧት ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ፣ ማታ በስተ ምዕራብ መሆን ማለት ነው። እንደ ሆራ ባለ ጉድጓድ ሐይቅ ላይ ይህ እጥፍ ይጠቅማል፤ ጧት የምሥራቁ ዳር በገደሉ ጥላ ውስጥ ይቆያል፣ ብርሃኑ ቀድሞ የሚያርፈው ምዕራቡ ዳር ላይ ነው። እርስዎ በጨለማው ተሸፍነው ቆመው፣ ፊት ለፊት ያለው ደንገል፣ ዛፍና ወፍ በወርቃማ ብርሃን ቁልጭ ብሎ ይታይዎታል። በተቃራኒው ከቆሙ የሚያዩት ሁሉ ጥቁር ጥላ ነው፤ ቀለም የለም፣ ቀለም ከሌለ ደግሞ የትኛው ዳክዬ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ከዚያ ይቁሙ። ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ በጸጥታ። ቁመትዎን የሚሰብር ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ ከጀርባዎ ይኑር፤ አፋፍ ላይ ሰማይን ተደግፎ የቆመ ሰው ከየትም ይታያል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃ ምንም አይታይም፤ ሲደርሱ የተሸሸጉት ገና አልወጡም። ወደ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ከፊላው ሥር ትንሿ ጠላቂ ወፍ ብቅ ትላለች፣ ዓሣ የሚያጠምደው ጥቁርና ነጭ ወፍ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ቁልቁል ያያል። ብዙ ሰው የሚሄደው ወፎቹ ሊወጡ ሲሉ ነው።

መንቀሳቀስ ሲያስፈልግ ወደ ወፏ ቀጥታ አይሂዱ። ጎን ለጎን እንደሚያልፍ ሰው በሰያፍ ጠጋ ይበሉ፣ አሥር እርምጃ ሄደው ይቁሙ። አንገቷን ቀጥ አድርጋ መብላት ካቆመች አስጠንቅቃዎታለች፤ አንድ እርምጃ ከጨመሩ ትነሣለች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቢመለሱ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ መብሏ ትመለሳለች።

ገፈርሳ ላይ ሰማያዊ ክንፏን ዝይ ሲፈልጉ ሰማያዊ ነገር አይፈልጉ። ሰማያዊው የሚታየው ስትበር ነው፤ መሬት ላይ ሣር ስትግጥ ግራጫ ቡኒ ናት፣ አንገቷን ወደ ጀርባዋ ጋደም አድርጋ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ሁለት ሁለት ሆነው ይውላሉ፤ አንዷን ካዩ ጓደኛዋን በአቅራቢያዋ ይፈልጉ። ምንቃረ ቆልማማው፣ ጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት የደጋ ወፍ ደግሞ ሳይታይ በፊት በጩኸቱ ይታወቃል፤ በቡድን ሲነሣ ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል።

ፍላሚንጎ ካጋጠመዎት ምንቃሯን ይዩ፤ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ ጥቁር ከሆነ ትልቋ ናት፣ ሙሉው ጥቁር ቀይ ከመሰለ ትንሿ ናት።

አፋፉና ጭቃው

የቢሾፍቱ ጉድጓድ ሐይቆች ግድግዳ ገረጋንቲ የበዛበት ልል አፈር ነው። አቋራጭ ብለው ቀጥ ያለውን ቁልቁለት አይውረዱ፤ ከብት የሚወርድበትን ጠመዝማዛ መንገድ ይከተሉ። አንድ ሰው ከላይ ሌላው ከሥሩ ሆኖ አይውረድ፣ ከላይኛው እግር የተነሣ ድንጋይ የታችኛውን ነው የሚያገኘው። ዝናብ ባደረ ማግስት መውረዱን ትተው አፋፉ ላይ ይቆዩ። የሆራን አፋፍ እየቆሙ እያዩ ለመዞር ሁለት ሦስት ሰዓት ይያዙለት።

ጨለለቃና አባ ሳሙኤል ላይ ያለው አደጋ ሌላ ነው። አፈሩ መረሬ ነው። በበጋ ላይ ላዩ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ጠንካራ ይመስላል፤ ሥሩ ግን አረንቋ ነው። ስንጥቁ ሰፊና ጠርዙ ነጣ ያለ ከሆነ ይሸከማል፤ ስንጥቁ ቀጭን፣ አፈሩ ጠቆር ብሎ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ያሰጥማል። በዱላዎ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ይውጉ፦ ዱላው ከአንድ ስንዝር በላይ ያለ ችግር ከገባ ወደ ኋላ ይመለሱ። የከብት ኮቴ ያለበት መንገድ ይሻላል፣ የወፍ ዱካ ብቻ ያለበት ግን ለሰው አይሆንም። እግርዎ ከገባ በኃይል አይሳቡ፤ ቦቱ ይቀራል፣ እርስዎ ይወድቃሉ። ወደ ኋላ ቁጭ ብለው ክብደትዎን አሰፍተው ተረከዝዎን እያወዛወዙ ቀስ ብለው ያውጡት።

ውሃ ውስጥ መግባት

የሆራም፣ የባቦጋያም፣ የቢሾፍቱም ገደል ውሃው ጋ ሲደርስ አያቆምም፤ ከውሃው በታችም ይቀጥላል። ከዳር ጥቂት እርምጃ ላይ ወገብ የነበረው ውሃ ድንገት መቆሚያ ያጣል። ዋና የማይችል ሰው «እስከ ጉልበት ብቻ» ብሎም መግባት የለበትም፤ ጀልባ ላይ የሚወጣ ሁሉ የሕይወት አድን ሰደርያ ይልበስ፣ ልጆች ደግሞ ማሰሪያው በብብታቸው ሥር እንዳይላላ ይፈተሽ። ክዳኑ ጥብቅ ያለ ባዶ ጀሪካን 15 ሜትር ገመድ አስረው ዳር ያስቀምጡ፤ ሰው ሲሰጥም ዘሎ መግባት ሁለተኛ ሟች ይጨምራል፣ የተወረወረ ጀሪካን ግን ይንሳፈፋል፣ ይጎትታል። ደንገልና ቀንድ አውጣ ባለበት ረጋ ያለ ዳር እግር መንከር ቢልሃርዚያ ሊያስይዝ ስለሚችል ያም ይቅር።

በቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ በተለይ በታኅሣሥና በጥር፣ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ገደሉ ከነፋስ ስለሚከልላቸው የጉድጓድ ሐይቆች የታችኛው ውሃ ለረጅም ጊዜ ኦክስጅን ሳያገኝ ይከርማል። ሌሊቱ ሲበርድ የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል፣ የታችኛው ይነሣል፤ ዓሣዎቹም ይታፈናሉ። ቆሮሶ በብዛት ውሃው ላይ አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ፣ ጭላትና ዓሣ በሊታው ንስር ሲሰበሰቡ ካዩ ይህ ሆኗል ማለት ነው። ዳር ላይ የተዘረገፈውን የሞተ ዓሣ ከመቼ ጀምሮ እንደሞተ ስለማይታወቅ አይልቀሙ፣ ለውሻም አይስጡ። ወፍ ለሚያይ ሰው ግን ያ ጧት ንስሩን ቁልቁል ሲወረወር በቅርብ የሚያይበት ነው።

ከሰው ጋር

ሜዳው የሰው ግጦሽ ነው፣ መንገዱም በሰው ማሳ ዳር ያልፋል። የቆመ ጤፍና ሽምብራ ውስጥ አይሂዱ፤ በድንበሩ ይዙሩ። ለእረኞችና ለገበሬዎች ቀድመው ሰላምታ ይስጡ፣ ጧት ከሆነ በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ» (እንደምን አደራችሁ) ማለት ፊትን ይፈታል። ወፎቹ የት እንዳደሩ ከእረኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ገንዘብ ለሚጠይቅ ልጅ ሁሉ ከማደል አንዱን አባወራ አነጋግሮ ልጁን ለግማሽ ቀን መንገድ መሪ አድርጎ ከፍሎ መውሰድ ይሻላል፤ የመንደሩ ውሾችም በዚያው ዝም ይላሉ። ውሻ ብቻዎን ካገኘዎት አይሩጡ፤ ጎንበስ ብለው ድንጋይ እንደሚያነሡ ያድርጉ፣ ዱላውን ፊት ለፊት ይያዙ፣ ዞር ሳይሉ ወደ ኋላ ያፈግፍጉ። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበው የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ናት። ካሜራዎን ወደ ሰፈሩና ወደ አውሮፕላኖቹ አያዙሩ፤ የግድቦቹን ግንብና በርም አያንሡ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብም፣ ቢፈቀድ እንኳ አንድ ጊዜ ሲነሣ ረግረጉን ሁሉ ባዶ ያደርገዋል።

ሲመለሱ

ቦቱንና ዱላውን እዚያው ሐይቁ ዳር፣ ከውሃው ራቅ ብለው፣ ጭቃው እስኪለቅ ይፈቅፍቁ፤ ቤት ሲደርሱ አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁ። በተለይ ከአባ ሳሙኤል የመጡ ከሆነ ይህንን አይዝለሉ። እምቦጭ ከቁራጭ ግንዱም ከዘሩም ይበቅላል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ በሶልዎ ስንጥቅ የተያዘ ጭቃ በሳምንቱ ወደ ሌላ ሐይቅ ያሻግረዋል። የሱሪዎን ጫፍና ካልሲዎን ገልብጠው መዥገር እንዳለ ይዩ። የላስቲክ ጠርሙሱን ይዘው ይመለሱ። ያዩትን ወፍ፣ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን እዚያው ታክሲ ውስጥ ሳሉ ማስታወሻ ላይ ያስፍሩ፤ ማታ ላይ አሥራ ሁለት የነበሩት ክሬኖች ሃያ ይሆናሉ።